«ገብቶኛል» ያለን ሰው የማያምኑት ወ/ሮ ገላነሽ ቢሆነኝ

ወዳጃችን ሆይ፣ ከሩቅ የመጣህም እዚሁ ጎረቤት ያለሽም፣ እንደ ቤተሰብ ጠጋ በሉና ስሙ። እሳቸውን የሚያውቅ ያውቃል፤ ታሪካቸው አጉል ተሞካሽቶ ቢነበብ ከሳጥናቸው ቀና ብለው «ማን ነገረሽ?» ነው የሚሉት። ስለዚህ እኛ የልጅ ልጆቻቸው እዚህ ላይ የጻፍነው ሁሉ ቢያንስ ሁለት ሰው ለየብቻ ተጠይቆ የተጻፈ ነው።

ወ/ሮ ገላነሽ ከአባታቸው ከአቶ ቢሆነኝ የኔነህና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ አበጀ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የአዊ ተወላጆች መንደር በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። እቤት አዊኛ፣ ገበያ አማርኛ እየተናገሩ ነው ያደጉት። እናታቸው አማርኛ ብዙም ስለማይሰሙ ቡሬ ገበያ የሚያስተረጉሙላቸው እሳቸው ነበሩ፤ ነጋዴው ያለውንና እናታቸው የተረዱትን ሲያስተያዩ ነው አሉ ሰው መጠራጠር የጀመሩት።

አንደኛ ደረጃን ቡሬ፣ ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም ተምረው በ1966 ዓ.ም. ጨረሱ። በቀጣዩ ዓመት እንደ እኩዮቻቸው በዕድገት በኅብረት ዘመቱ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። የተማሩት በቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ የተፈጥሮ ጋዝ ምን ያህል እንደሆነ በድምፅ መለካት ነው፤ ያውም የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ። በ1975 ዓ.ም. ተመልሰው ይህንኑ ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ገብረ ሕይወት ቢያስረዷቸው መምሬ «ልጄ፣ የማይታየውን በማይሰማው መለካት የጤና አይመስለኝም» አሏቸው።

በ1976 ዓ.ም. መሐንዲሶችንና ቴክኒሻኖችን እንዲያሠለጥኑ ታዘዙ። ሠልጣኞቹ ስድስት ወንዶች ነበሩ፤ ቦታው ፍኖተ ሰላም ዳር ያለ አሮጌ ወርክሾፕ። ጋዙ ኦጋዴን ሳለ ሥልጠናው ጎጃም ምን አመጣው ብሎ ያልጠየቀ የለም። እሳቸው የሚመልሱት ባዶ ቤት፣ ቧንቧና አየር የሚነፋ ሞተር የተገኘው እዚህ ስለሆነ ነው፣ ለልምምድ በጋዙ ፋንታ አየር ይበቃል እያሉ ነበር። የሚያምናቸው ግን አልነበረም።

ከሠልጣኞቹ አንዱ የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ኢንጂነር ክንዱ ዓለሙ ነበሩ። ምንም ቢነገራቸው መልሳቸው «ገብቶኛል» ነው። ወ/ሮ ገላነሽ ደግሞ «ገብቶኛል» የሚል ሰው አያምኑም። አምስቱ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንደ ዳዊት ሸምድደው ይወጡታል፤ ክንዱ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም። ታዲያ በጥቅምት ወር አንድ ቀን ወ/ሮ ገላነሽ ሰሌዳውን ትተው ሁሉንም ይዘው ላህ ወንዝ ወረዱ። እያንዳንዱን በተራ በሰያፍ ቁልቁል፣ መልሰው በሰያፍ ሽቅብ ወንዙን በዋና ያሻግሩታል፤ እሳቸው የሩጫ ዳኞች የሚይዙት ዓይነት ሰዓት ይዘው ዳር ቆመው ያያሉ። በማግስቱም እንደዚሁ።

ይህን ሁሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ እጅጉ ተሰማ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆነው ሲያዩ ኖረዋል። እስቲ በእሳቸው ቦታ ሁኑት። በየጫካው የወንበዴ ወሬ በሚናፈስበት ዘመን ጎረምሶች ልብሳቸውን አውልቀው ወንዝ መሻገር ይለማመዳሉ፤ አንዲት ከውጭ አገር የመጣች ሴት ሰዓት ትይዝላቸዋለች። አቶ እጅጉ ታጣቂዎቻቸውን ይዘው ሰባቱንም ወደ ማኅበሩ ግቢ ነዷቸው። ከዚያ ወደ ማርቆስ እስር ቤት ከተላኩ መቼ እንደሚመለሱ፣ መመለሳቸውንም ቢሆን የሚያውቅ አልነበረም።

አቶ እጅጉ ያደጉት አባታቸው አውጫጭኝ ሲያስቀምጡ እያዩ ነው፤ ከብት ሲጠፋ አገሬውን ሜዳ ላይ ሰብስቦ አንድ በአንድ ለየብቻ እየጠየቁ ሌባውን ማውጣት ማለት ነው። እዚህም ያንኑ አደረጉ። ወ/ሮ ገላነሽን ግቢው ውስጥ ባለ ሾላ ሥር አስቀምጠው ሠልጣኞቹን አንድ በአንድ ወደ ቤት አስገቡ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ወንዙን ለምን ትመላለሱበታላችሁ?

አምስቱ ገብተው ወጡ። አቶ እጅጉ ፊታቸውን አክብደው ወደ ሾላው መጡ።

«ጓዲት፣ አምስቱም ‘ከፍሰቱ ጋር የሚጓዝ ድምፅ የመድረሻ ጊዜው ያጥራል፣ በተቃራኒው የሚጓዝ ይረዝማል’ ነው የሚሉት። አንድ ቃል አልዛነፉም።»

«ልክ ብለዋል» አሉ ወ/ሮ ገላነሽ ደስ ብሏቸው።

«ልክ ማለታቸው ነው ያስጠረጠረኝ። አምስት ሰው አንድ በሬ ቢያይ አምስት ዓይነት በሬ ነው የሚያወራው። አንድ ዓይነት ካወራ ያስጠናው ሰው አለ። ማነው ያስጠናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዲያ በይኛ።»

 የቀሩት ክንዱ ብቻ ናቸው። ክንዱ የሰሌዳውን ቃል ቢደግሙ ስድስተኛ ሆነው ሁሉም ማርቆስ፤ እንደ ልማዳቸው «ገብቶኛል» ብለው ዝም ቢሉም ማርቆስ። የቤቱ መስኮት ሾላው አጠገብ ስለነበር የሚባለው ሁሉ ለወ/ሮ ገላነሽ ይሰማቸዋል።

ክንዱ ገብተው ጥያቄው ሲቀርብላቸው እየተንተባተቡ መለሱ። 

«አያ እጅጉ፣ እውነቱን ልንገርዎ። እስከ ትናንት አልገባኝም ነበር።»

«ምኑ?»

«ትምህርቱ ነዋ። ገብቶኛል የምለው እንዳላፍር ነው። ትናንት ሽቅብ ስታሻግረኝ ግን፣ ውኃው ደረቴን ይዞ ሲከራከረኝ፣ ልሞት ምንም አልቀረኝም። ቁልቁል ስትልከኝ ደግሞ ሳልደክም ማዶ ጣለኝ። መንገዱ ያው ነው። እሷ ሰዓቷን አይታ ሁለቱን ታስተያያለች፤ ውኃው ምን ያህል እንደሚሮጥ ውኃውን ሳትነካው ታውቃለች። ቧንቧው ውስጥ በእኔ ፋንታ ድምፅ ነው የሚሻገረው፣ በውኃው ፋንታ ጋዙ። መሰለኝ። ከተሳሳትኩ እሷ ታርመኝ።»

«ድምፁ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«የማይሰማ ድምፅ እንዴት አመንክ?»

«አላመንኩማ። ለዚህ እኮ ነው ወንዝ የከተተችኝ።»

አቶ እጅጉ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲወጡ ግን ፊታቸውን መልሰው አክብደውት ነበር። «አምስቱ ቢዋሹም ይኼኛው አልዋሸም፤ ውሸታም እንዲህ አይንተባተብም» ብለው ሰባቱንም ለቀቋቸው። ቢሆንም ጥርጣሬያቸው አልለቀቃቸውምና ሥልጠናው እስኪያልቅ አንድ ታጣቂ ጠመንጃውን ታቅፎ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተማረ። ወ/ሮ ገላነሽም ከዚያ ወዲህ ቃል በቃል ለሚመልስ ተማሪ ማለፊያ አልሰጡም።

በጥር 1977 ዓ.ም. ከኢንጂነር ክንዱ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት አቶ እጅጉ ናቸው። ከዚህ ጋብቻ ባንቺአየሁና ዓለምብርሃን ተወለዱ።

ሥልጠናው በ1978 ዓ.ም. ተዘጋ። ጋዙም ሳይመጣ ቀረ። ወ/ሮ ገላነሽ በቡሬ ከተማ ውኃ አገልግሎት ተቀጥረው በጡረታ እስከተገለሉበት እስከ 2003 ዓ.ም. ስንቱን የቧንቧ ሠራተኛ አሠለጠኑ፤ ከዚያ በኋላ ፍኖተ ሰላም ኖሩ። አቶ እጅጉ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ቤታቸው መጥተው «ጋዙስ?» ይላሉ፤ «አልመጣም» ሲሏቸው «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ብለው ይቀመጣሉ። ወ/ሮ ገላነሽ ባለቤታቸውን «ገብቶሃል?» ማለት አልተዉም፤ አያታችን ክንዱም «ምኑ?» ማለት አልተዉም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኩላሊታቸውን ታመሙ። የመጀመሪያውን ሐኪም ውጤት ደብቀው ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ሁለቱም በየራሳቸው አነጋገር አንድ ነገር ሲነግሯቸው «እንግዲህ እውነት ነው» ብለው ዕቃቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ሚያዝያ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ሽቅብ የዋኙበትን ዘመን የቆጠረ አምላክ ነፍሳቸውን ያለ ድካም ወደ ማዶው ያሻግርልን፤ ከቅዱሳኑም አጠገብ ያሳርፍልን።

አቶ እጅጉ አሁን ደምበጫ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። መጀመሪያ አጎታችን ዓለምብርሃን በስልክ መርዶውን አረዷቸው፤ ኋላ አያታችን ክንዱ ራሳቸው ሄዱ። ለዚህ ጽሑፍ ቃል እንዲሰጡን ስንጠይቃቸው የመለሱልን ቃል በቃል ይኼው፦

«በስልክ የነገረኝን ልጅ አላመንኩትም፤ በደንብ አጥንቶ ነበር የሚናገረው። ክንዱ መጥቶ እየተንተባተበ፣ መጀመሪያውን ከመጨረሻው እያምታታ ሲነግረኝ ነው እውነት መሆኑ የገባኝ።»