ከመንበሩ ሥር የሚረግፈው ዱቄት

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣ በክህነትም አባቴ ለሆንህ ለቀሲስ አስመላሽ፤

መስቀልህን ከሩቅ ተሳልሜ፣ እንደ አባትነቴም ምርቃቴን አስቀድሜ እጽፍልሃለሁ። እኔ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ይህን ጉዳይ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ግን ስለ ዋግ ዝናብ ጠይቄህ ዘጋሁ። ወረቀት ዓይን የለውምና ይኸው ጻፍሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ከኪዳን ስወጣ አናጺው ሊካሳ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ ጠበቀኝ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሱቁን ነቅሎ ወደ ጎተራ ሰፈር የሄደው፣ በጥር ለደብራችን ለጽጌ ማርያም የላክሁትን የታቦት መንበር የሠራልኝ ሰው ነው።

«የኔታ፣ እኔ አናጺ ነኝ ወይስ ወፍጮ ቤት ነው የከፈትኩት?» አለኝ። «ጣውላዬ ሁሉ ዱቄት ሆኗል።»

ቀልዱን መስሎኝ ተከተልሁት። ከመንበሩ የተረፈው ነጭ ጣውላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በወስፌ የተወጋ ያህል ተበሳስቷል፤ ከሥሩም ዱቄት ተከምሯል። ጣውላው ለአንድ ፎቅ የሚሆን አሳንሰር ከባሕር ማዶ የመጣበት ሣጥን ነበር። ንጣቱን ወድጄ የመረጥሁት እኔው ነኝ። ሊካሳ የዛፍ ተባይ ያጠናች ራሕዋ የምትባል ጎረቤቱን ጠርቶ ነበርና እንጨቱን በቢላዋ ፈልፍላ፣ ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ጥቁር ጢንዚዛ አውጥታ በመዳፏ አሳየችኝ።

«አባቴ፣ ይሄ የእኛ አገር ነቀዝ አይደለም» አለች። «ማለቴ፣ በእንጨት ተጭኖ ነው ካገር አገር የሚዞረው። ክረምቱ ሲወጣ ይበርና እርጥብ ዛፍ ውስጥ ይገባል። አንዴ ከገባ በቃ፣ ዛፉ ከውስጥ እየደረቀ ይሞታል። ከዚህ ጣውላ ተሠርቶ ወደ ሌላ ቦታ የሄደ ነገር አለ?»

ሊካሳ ወደ እኔ ዞረ።

«አንድ አለ» አልኋት።

«ያለበት ቦታ ዛፍ አለው?»

«አለው» አልኋት። ልጄ ሆይ፣ በዚያ ራቁቱን በቀረ ተራራ ላይ ከጽጌ ማርያም ቅጽር በቀር ዛፍ እንደሌለ ማን ያጣዋል? አባቶቻችን ቅርንጫፍ እንኳ እንዳይቆረጥ ገዝተው ያቆዩት ጽድና ወይራ ነው፤ ምንጩም የሚፈልቀው ከሥሩ ነው፤ እናትህም ያረፈችው በጥላው ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልግባ። በመጋቢት ደውለህ፣ ከመንበሩ ሥር በየማለዳው ነጭ ዱቄት እንደሚገኝ፣ ምእመናኑም «የሚፈውስ እምነት ነው» እያሉ ግንባራቸውን እንደሚቀቡትና በጨርቅ ቋጥረው እንደሚወስዱት ነገርኸኝ። «አባባ፣ ለእኔስ ነቀዝ ይመስለኛል፤ ምን ልበላቸው?» ብለህም ጠየቅኸኝ። እኔ ግን «አንተ ማን ሆነህ ነው ጸጋ የምትከለክል?» ብዬ ገሠጽሁህ። በጥር መንበሩን በሸራ ስንጠቀልለው ያው ዱቄት እጄ ላይ ቀርቶ ነበር። ሊካሳ እንኳ ሳያይ በነጠላዬ ጠረግሁት። የእናትህ የደብሪቱ የክርስትና ስም፣ ወለተ ሥላሴ፣ በተቀረጸበት መንበር ላይ ነቀዝ ከማይ ተአምር ባይ ወደድሁ። አርባ ዓመት መጻሕፍትን የተረጎምሁ ሰው፣ ማንም ገበሬ በጎተራው የሚለየውን ነገር አልለይ አልሁ።

ስለዚህ ከሀገረ ስብከቱ አባት አስፈቅደህ ታቦቱን ወደ አሮጌው መንበር መልስ። አዲሱን እንደ ልማዳችን በዕቃ ቤት አታኑረው፤ አትቅበረውም። ኦሪት ደዌ የያዘውን ቤት እንጨት ከከተማ ውጭ አውጡት ትላለች፤ ራሕዋ ግን ባንቀሳቀስነው ቁጥር ለጢንዚዛው መንገድ እንደምንጠርግለት አስረድታኛለች። ከቅጽሩ ሳይወጣ፣ ከዛፎቹ ራቅ ባለው የድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን አመድ እስኪሆን አቃጥለው። መስከረምን አትጠብቅ። ከዚያም ዛፎቹን ግንድ በግንድ ፈትሽ፤ ቀዳዳ ብታገኝ ለራሕዋ ደውል፤ ቁጥሯን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ።

በዐውደ ምሕረትም ቆመህ ዱቄቱ እምነት እንዳልነበረ ለሕዝቡ ንገር። «ያሳሳተኝ አባቴ ነው» በላቸው። ለእኔ ብለህ ቃሉን አታለዝብ፤ ከእኔ ክብር የእነሱ ዛፍ ይበልጣል።

ከዚህ በታች ሁለት መስመር ደልዣለሁ። የእናትህ ስም ፊደል ያለበትን ሰሌዳ ብቻ ቆርጠህ፣ በላስቲክ ጠቅልለህ እንድትልክልኝ ጽፌ ነበር። ከድልዙ ሥር ማንበብ ብትችልም አትታዘዘኝ።

የቅዱሳን አበው በረከት ይደርብህ። አምላክ አንተን በክህነትህ፣ ዛፎቹንም በሥራቸው ያጽና፤ እናትህንም ያለ ጥላ አያስቀርብኝ።

አባትህ
መሪጌታ ዘአማኑኤል