ቦራ ለምክር ቤት

ረቡዕ

ዛሬ የአባቴን በሬ ቦራን እጩ አደረግሁት። ለምክር ቤት የሚወዳደሩት ነጋዴ በየቀበሌው ሰንጋ እያረዱ ያበላሉ። መንገዳችን መቼ ይሠራል ብሎ የሚጠይቃቸው አልተገኘም፤ አፍ ሁሉ ሥጋ ይዟል። መምህርት ነኝና በስሜ መናገር አልደፈርሁም። ስሜን ደብቄ ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፈትሁ፦ «ቦራ ለምክር ቤት»። የበሬው ፎቶ፣ ከሥሩም «የሚያበሏችሁ እኔን ነው። አማላጅ ምን ያደርጋል? እኔኑ ምረጡኝ።»

ሐሙስ

ገጹ ንፋስ መውጫ ከተማን አዳርሷል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ የሒሳብ መምህሩ ጮክ ብሎ ሲያነበው እኔም እንደ ባዳ ሳቅሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የቦራን ቃል ኪዳን ጨመርሁ፦

ከምርጫ በኋላም ማሳው ላይ ይገኛል።
ስልኩን አያጠፋም፤ ስልክ የለውም።

ዓርብ

አባዬ ከአርብ ገበያ ደወሉ። «አንቺ፣ በሬያችን ምን አጥፍቶ ነው ገበያው ሁሉ የሚያወራለት?»

ጎረምሶች ፎቶውን በስልክ ሲያሳዩ አንድ ገበሬ ገና ሲያየው የማን በሬ እንደሆነ ተናግሯል። ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ፣ የተሰበረው የግራ ቀንዱ። ስሜን ደብቄ የበሬውን ግንባር ለአገር አሳየሁ! የገበሬ ልጅ ሆኜ እንዲህ መጃጃሌ አናደደኝ። የአባዬ ልጅ ማን እንደሆነች ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ነጋዴው ነገ እቤት እመጣለሁ ብለዋቸዋል። ለአባዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ

አባዬ ቤት ስደርስ ነጋዴው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ቁጣ የለም። ቦራን በሁለት በሬ ዋጋ ገዝተው ለድግስ ሊያርዱት ነው የመጡት። «እጩውን ለመራጩ እናብላው እንጂ» ብለው ሳቁ፣ እኔን እያዩ።

ከቦራ ጋር የሚጠመደው በሬ አርጅቷል። አባዬ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቁርጡን ልንገርዎ» አሉ። ቢሸጡት አልፈርድባቸውም። ግን ያሾፍሁበት ነገር እኛው ቤት ገብቷል።

እሑድ

ነጋዴው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ጠበቁን። ሰው ከበበን።

አባዬ ነጠላቸውን አስተካክለው «ጌታዬ፣ እጩ ከሆነ ወዲያ በሬው የኔ ብቻ አይደለም። መራጩን ይጠይቁ» አሉ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ነጋዴውም ሳቁ፤ ቀድመው ያቆሙት ግን እሳቸው ናቸው። መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

አባዬ አልሳቁም። መንገድ ላይ «ሁለት በሬ ነበር እኮ» አሉ። አንገቴን ደፋሁ።

ገጹን ልዝጋው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዋጋውን ከከፈልሁ በኋላ?»

ርዕሰ መምህሩ ነገ ጠዋት ቢሮ እንድመጣ በስልክ ጽፈውልኛል። ለምን እንደሆነ አልጻፉም። ገጹ ክፍት ነው።