በርሜል የመታሁበት ኅዳር

ኅዳር 3

ጭጋጉ እስከ አራት ሰዓት አልተነሳም። ሱቅ ዘግይቼ ከፈትኩ። ከሽያጩ ወሬው በዛ። ወሬውም የቡና ሌባ ነው። ከጋሽ ጣሰው ጓሮ፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና ማለዳ በጭጋግ አፍሰውት ሄዱ። ጋሽ ጣሰው አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ያሳዝናሉ። ሰፈሩ ስብሰባ ተጠርቷል። አልሄድኩም። ጉልበቴ... ደግሞስ ስብሰባ ለማን ጠቅሞ ያውቃል?

ምሳ ላይ ሔርሜላ ብቅ አለች። ልጄ። ከንፈሯ አብጧል።

"ምን ሆነሽ?"

"ከደረጃ ወደቅኩ።"

ደረጃ! ግቢያችን ደረጃ የለው፣ ቢሮዋ ደረጃ የለው። የደረጃው ስም ሔኖክ ነው። ባሏ፣ የኔ አማች። ጓሮዬ ካለችው ሰርቪስ ቤት ይኖራሉ፣ ዘጠኝ ዓመታቸው። ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደሩ እማማ" ይለኛል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ያንን አንገት ብሰብርለት ደስ ይለኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ... አይ፣ አይበለኝ። እውነቴን ነው።

ኅዳር 6

ትናንት ዘነበ። እዚህ ቦንጋ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰው ቢታረድም አይሰማም። እኔ ግን ሰማሁ። ወይስ መሰለኝ?

ድሮ የኖርንበት አሰብ እንዲህ አልነበረም። በሰኔና በሐምሌ ቤት ውስጥ የሚያድር እብድ ብቻ ነው። ካምቦ ሱዳን ሰፈራችን ሁሉም የገመድ አልጋውን ደጅ ያወጣል፣ አንሶላውን ውሃ ነክሮ ይለብሳል። የባሕሩ ንፋስ ሲመጣ ከንፈር ላይ ጨው ይቀራል። አንዱ ሲያስነጥስ ከሦስተኛው ቤት "ይማርህ" ይባላል። ባሌ ገብረኪዳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል። እኔ ዓሣ እጠብሳለሁ። ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ በየደጁ በርሜል አለ።

ባል ሚስቱን ሲመታ የሰማች ሴት ተነስታ በርሜሏን ትመታለች። በማማሰያ፣ በድንጋይ፣ ባገኘችው። ሁለተኛዋ ትቀበላታለች። ከዚያ መንደሩ ሁሉ። ማንም አይሳደብም፣ ማንም በር አይሰብርም። ሰውዬው እጁን እስኪያወርድ ድረስ በርሜሉ ብቻ ይጮሃል። በማግስቱ ወደብ ላይ ጓደኞቹ "ማታ ያንተ ሠርግ ነበር?" ይሉታል። ከዚያ ወዲያ የሚደግም ጥቂት ነው።

ገብረኪዳን አንድ ቀን በጥፊ አጮለኝ። ጎረቤቴ ረውዳ ጀመረችው። መንደሩ ሲያስተጋባ እጁ አየር ላይ ቀረ። ደግሞ አልሞከረኝም።

እዚህ ግን... "የባልና የሚስት ነገር ነው፣ እትዬ" ይሉኛል። የምን ነገር? ዱላ ነው እንጂ።

ኅዳር 8

የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ወንበር ሰጠችኝ።

"እማማ፣ ባለጉዳይዋ ራሷ ካልመጣች ኬዙን ፕሮሰስ ማድረግ አንችልም።"

ባለጉዳይዋ ጉንጯን ይዛ ቤት ተቀምጣለች! ተመልሼ ለሔርሜላ ነገርኳት። ጮኸችብኝ።

"ካስወጣሽው አብሬው እወጣለሁ! ዋጫ ከተማ፣ ወንድሙ ዘንድ እንሄዳለን።"

አስፈራራችኝ፣ ገባኝ። እዚህ ቢያንስ እሰማለሁ። ዋጫ ማን ይሰማታል? አንድ ቀን ይገድላታል። እኔ ሱቄ ውስጥ ሳሙና እየሸጥኩ ልጄን ገድሎ ይጠብቀኛል።

ኅዳር 11

ሽምግልና። ጋሽ ጣሰው ሁለት ሰው ይዘው መጡ። ሔኖክ ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ። "ሰይጣን አሳስቶኝ ነው" አለ። ሰይጣን ስንት ሥራ አለበት! ለአንድ ሔኖክ ብሎ ቦንጋ ድረስ ይመጣል?

ሔርሜላ "ይቅር ብዬዋለሁ" አለች። ፊቷን አላነሳችም።

ኅዳር 12

ጸጥ ብሏል። ጸጥታውን አልወደድኩትም።

ኅዳር 15

ዛሬውኑ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ አሳምሬ አወራዋለሁ።

ማለዳ ነው። ጭጋጉ ግቢውን ሞልቶት የራሴ አጥር አይታየኝም። ሔርሜላ ጮኸች። አንድ ጊዜ... ከዚያ የታፈነ ድምፅ። ከዚያ ቀበቶ። ቀበቶ ሥጋ ላይ ሲያርፍ በምንም አይሳሳትም። በሩን ገፋሁ፣ ከውስጥ ተቆልፏል። ጮህኩ። ማንም የለም። ዘነዘናውን አነሳሁ። የዝናብ ውሃ የማጠራቅምበት በርሜል ባዶውን ቆሟል። መታሁት።

ምን አስቤ? ምንም። እጄ ነው ያስታወሰው።

ሔኖክ በሩን በርግዶ ወጣ። "ምን ሆነሻል፣ አንቺ አሮጊት!" በቀበቶው ትከሻዬ ላይ አሳረፈብኝ። መምታቴን አልተውኩም። ያኔ ከየጓሮው ቆርቆሮ መለሰልኝ። ከላይ ሰፈር፣ ከታች ሰፈር። ውሻው፣ ሩጫው... ደስ አለኝ! መጡልኝ አልኩ። ረውዳ መንደሯን አስከትላ የመጣች መሰለኝ።

"ሌባ! ያዘው! ሌባ!"

ሌባ? የቱ ሌባ?

ሔኖክ ደነገጠ። ቀበቶውን ጥሎ በጓሮ በኩል አጥር ዘለለ፣ ወደ ጋሽ ጣሰው ግቢ። የወደቀው ቡናው ላይ ነው፤ አልጋውን ይዞት ተገለበጠ። በጭጋግ፣ ቡና መሐል የተገኘ ሰው... ማን ነህ ብሎ ማን ይጠይቀዋል?

የመጀመሪያው ዱላ ደረቅ ድምፅ ነበረው። ኋላ እርጥብ ሆነ። አጥሩ ሥር ነኝ፣ ሁሉን እሰማለሁ። "እኔ ነኝ! ሔኖክ ነኝ!" ይላል። አንዱ አፉን በድንጋይ መታው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። ቢወጣውስ ማን ይሰማዋል፣ ቆርቆሮው እየጮኸ። ቆርቆሮው ብቻ? እኔም በርሜሉ ጋ ተመልሼ እየመታሁ ነበር።

ሌባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። "አማቼ ነው" ማለት ብቻ ነበር፣ በቃ። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች። መታሁ። ቀና ስል ሔርሜላ ደጃፏ ላይ ቆማለች፣ ከአፏ ደም እየወረደ። ትሰማለች። ተያየን። እሷም ምንም አላለች።

ያስቆሙት ጋሽ ጣሰው ናቸው። "ኧረ ተዉ! ኧረ በእግዜር! የሔርሜላ ባል ነው!"

በቃሬዛ ሲያወጡት ፊቱን አላወቅኩትም። ቡናው በደም ርሷል።

ደስ ብሎኛል? አዎ። አሁንም ደስ ብሎኛል። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ኅዳር 16

የጋሽ ጣሰው ሚስት፣ ላቀች፣ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ስብሰባ አልመጡም እንዴ፣ እትዬ ወሰንየለሽ? ሌባ ያየ ሰው ቆርቆሮ ይመታል፣ ሁሉም ዱላ ይዞ ይወጣል ተባለ'ኮ። ከርከሮ በቆሎ ሲገባ እንደዚያ ነው የምናደርገው።"

"እኔ ለልጄ ነው የመታሁት።"

"ለልጅዎ ከሆነ ስሟን ጠርተው ቢጮኹ እንመጣ ነበር" አለች።

"ስንት ዓመት ስትጮህ ትመጡ ነበር?"

መሬት መሬት አየች። "እንጃ፣ እትዬ።" ሐቀኛ ሴት ናት።

ፖሊስም መጣ። "ሌባ ብለው ጮኸዋል?" አለኝ። "አልጮኽኩም" አልኩት። እውነት ነው። ያላልኩትን ግን አልጠየቀኝም።

ኅዳር 21

ሆስፒታል ሄድኩ። ቀኝ እጁ ተሰባብሯል፣ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል። ግራ ዓይኑ አይመለስም አሉ። ሔርሜላ ሾርባ በስትሮ ትሰጠዋለች። ቀስ ብላ፣ እንደ ጥሩ ሚስት።

ሌሊቱን ገብረኪዳንን ሳስብ አደርኩ። በ83 በጦርነቱ ሸሽተን ከአሰብ ስንወጣ፣ በረሃው ላይ አንድ የውሃ ቦቴ ደረሰልን። ደረሰልን አልኩ? ደረሰብን። ሰው በሰው ላይ ወጣ። ገብረኪዳን ለሔርሜላ ውሃ ሊቀዳ ገባ፣ ሁለት ዓመቷ ነበር። በጀሪካን አናቱን አሉት፣ ወደቀ፣ ረገጡት። ለሰው ሁሉ ጦርነት ነው የገደለው እላለሁ። የገደለው ሰፈራችን ነው። በርሜል የሚመቱልን የነዚያ ሴቶች ባሎች፣ አንሶላቸውን ነክረው አጠገባችን የሚተኙት። ክፉዎች አልነበሩም። ተጠምተው ነው።

ያንን ካየሁ በኋላ ሰው ሲሰበሰብ ለምን ደስ አለኝ? ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 12

ሔኖክን አመጡት። የደበደቡት ጎረምሶች ናቸው የተሸከሙት። ማር ይዘው መጡ፣ እግሩ ላይ ወደቁ። መናገር አይችልም፣ ራሱን ነቀነቀ። ታረቁ ተባለ። ከኔ ጋር ማን ያስታርቀው?

ታኅሣሥ 13

ሔርሜላ እያንጎራጎረች ልብስ ታጥባለች። ድምፅ እንዳላት ረስቼ ነበር። እሰይ።

ታኅሣሥ 19

ከሰርቪሱ ጥፊ ሰማሁ።

ሔኖክ የሚመታበት እጅ የለውም። ታዲያ ማን... ማንን?

ጆሮዬ ነው አልኩ። ደገመ። ከዚያ እንደ ጥጃ የሚያቃስት ድምፅ።

ታኅሣሥ 20

ሱቅ መጣች፣ ስኳር ልትወስድ። ጉንጯ ሞልቷል፣ አምሮባታል። ያሳደግኳት ልጅ ናት፣ ዓይኗን አየሁት፣ አላወቅኩትም።

"ሔርሜላ፣ ትናንት ምን ነበር?"

"አልውጥም አለኛ።"

"ታማሚ ነው'ኮ።"

ስኳሩን አስቀመጠች። "እማ፣ አንቺ ስታስደበድቢው ጽድቅ፣ እኔ ስመታው ኃጢአት?"

ስኳሩን አንስቼ መልሼ ሰጠኋት።

ታኅሣሥ 23

ዛሬ ከሰዓት ጩኸቱ ሱቅ ድረስ መጣ። ደንበኛዬ ሰማች። ሂሳቧን ከፍላ ወጣች። ሰፈሩም ሰምቷል፣ እርግጠኛ ነኝ። ለወንድ ማን ይወጣል? በርሜሉን አየሁት። ብመታው ማን ይመጣል? ምን ይዞ? ተውኩት።

ሰርቪስ ቤቱ ገባሁ። ሔኖክ መሬት ላይ ነው፣ ያ የታሰረ መንጋጋው እየደማ። በገዛ ቀበቶው ነው የምትገርፈው። "ውጪልኝ" አለችኝ። ቀበቶውን ያዝኩት። ጎተተች፣ ጎተትኩ። በሌላኛው እጇ ደረቴን ገፋችኝ፣ ከግድግዳው ጋር ተጋጨሁ። እኔን። እናቷን። ያኔ ራሷም ደነገጠች፣ እጇን አየችው። በዚያች ቅጽበት ሔኖክን ከብብቱ ሥር ይዤ ጎተትኩት። እንዲህ ቀሏል! ግቢውን እየተጎተትን፣ እሱ በአንድ እግሩ እየገፋ፣ ክፍሌ አስገባሁት። አልጋዬ ላይ አወጣሁት። ደሙን ስጠርግለት እጄን ሽሽት ፊቱን ሸፈነ።

"አልመታህም" አልኩት። አላመነኝም። ምን ያድርግ?

ውጭ ቆማለች። ጥላዋ በበሩ ሥር ይታየኛል።

"እማ፣ ክፈቺ። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።"

ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ሔኖክ ባለችው ዓይን አየኝና ራሱን ነቀነቀ፣ አትክፈቺ ማለቱ ነው። አልከፍትም። የገዛ ልጄን ፈርቼ፣ ልገድለው የተመኘሁትን ሰው አልጋዬ ላይ አስተኝቼ፣ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ነው ይህንን የምጽፈው።