ብርሃን ላልነካው ወንድሜ

ውድ ወንድሜ ኦርሰን፣

ከሞትክ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነህ፤ ፎቶህን ግን ከምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ አውርጄው አላውቅም። ከላስ ቬጋስ በረሃውን አቋርጠው የሚመጡ መንገደኞች በየቀኑ “ከሰማይ የወረደው ብርሃን ያቃጠለው ሰውዬ ይሄ ነው?” ይሉኛል። በጠራራ ፀሐይ፣ እንቁላል እየጠበስኩ፣ ዓይንህን እፈራለሁ።

ሰኞ ሰኞ መጋረጃው የተዘጋ አውቶቡስ አንተንና የሥራ ጓደኞችህን ወደ መንግሥት ምስጢራዊ የጦር ሰፈር፣ ከአጥሩ ማዶ ይወስዳችሁ ነበር፤ ሐሙስ ይመልሳችሁ ነበር። በኛ ከተማ ሐሙስ የተመለሰን ሰው “ሥራ እንዴት ነበር?” ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ነው። ሚስትህ እንኳ ጠይቃህ አታውቅም። ላለመናገር ፈርማችኋል፤ የተናገረ ይታሰራል። እጅህ ተሰነጣጥቆ ሹካ መያዝ ሲያቅትህ ግን ወጥ ቤቴ ገብተህ በሩን ዘጋህ።

“ቬርና፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀለምና ሙጫ ነው የምናቃጥለው። ከምን እንደተሠራ አይነግሩንም። ጭንብል ስጡን ስንል ‘ካሻችሁ ከቤታችሁ አምጡ’ አሉን።”

“ታዲያ ለሐኪሙ አትነግረውም?”

“እኔ ፈርሜያለሁ። አንቺ አልፈረምሽም። አንቺ ንገሪልኝ፣ እህቴ።”

እሺ አልኩህ። ማልኩልህ።

በዚያው ሳምንት አንድ መንገደኛ እጅህን አይቶ “ምን ሆኖ ነው?” ሲለኝ፣ ጨንቆኝ “ከሰማይ የወረደ ብርሃን ነክቶት ነው” አልኩት። አንተም ሳቅክ። “ቆይ፣ ነገ ደግሞ ከማርስ ሚስት አገባ ትያለሽ” አልከኝ። ሰውየው ግን ጋዜጠኛ ይዞ ተመለሰ። ሊዘጋ የነበረው ቤቴ መቀመጫ ታጣበት። ካሜራ ሲደቀንብኝ አንደበቴ ተፈታ፤ አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ የሄድን ቀን እጅህን ገለጥ አድርጎ አየና ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። “ያ የብርሃኑ ነገር ነው?” አለኝ። አንተ ታየኛለህ። እውነቱን ብናገር ነገ ቤቴ ባዶ ይውላል ብዬ አሰብኩ፤ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። “እኔ እንጃ” አልኩት። ቅባት ሰጠህ። ቅባቱን መኪናዬ ውስጥ ትተኸው ወረድክ። ከዚያ በስምንተኛው ወር ቀበርንህ።

ባለፈው ሳምንት ልጅህ ኮሪን መጣች። አብረውህ የሠሩት ሰዎች ሚስቶች መንግሥትን ለመክሰስ ጠበቃ ይዘዋል። “አክስቴ፣ ከአባቴ አፍ የሰማሽ አንቺ ብቻ ነሽ” አለችኝ። ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ጠበቃው ጽፎ ሲጨርስ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የድሮ ቃለ ምልልስ አሳየኝ። እኔው ነኝ፤ ፀጉሬ ገና ቀይ ነው፣ ብርሃኑን በዓይኔ አየሁ ብዬ እምላለሁ።

“እትዬ፣ እርስዎን ምስክር ብዬ ባቆም ፍርድ ቤቱ ይስቅብኛል” አለኝ። ኮሪን ኮቷን አንስታ ወጣች። ደረጃው ላይ ስጠራት ዞር ብላም አላየችኝ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤቴ ለሚገባ ሰው ሁሉ እውነቱን እነግራለሁ፤ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ጭሱ፣ ስላፈረስኩት መሐላ። ትናንት አንዲት ሴት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አይዞሽ እናቴ፣ መንግሥት አስፈራርቶሽ እንደሆነ ገብቶናል” አለችኝ። መንግሥት አስፈራራት የሚለው ወሬ በአንድ ቀን ተዳርሷል። ዛሬ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ደርሷል።

ማረኝ ለማለት አፍ የለኝም። ነገም እነግራቸዋለሁ፤ ነገም አያምኑኝም።

የካደችህ እህትህ፣
ቬርና