መረግዱና ማኅተሙ

ሰኞ፣ ኅዳር ፱፣ ጠዋት ፬ ሰዓት

ፖስታ ደረሰ። በቅሎዋ ከኮረም እያነከሰች ገባች። ደብዳቤ ሰባት ብቻ። አዲስ ቴምብር አለ፤ የከበሩ ድንጋዮች ሥዕል ያለበት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ሰቆጣ ፖስታ ቤት ከተቀመጥሁ ወዲህ እንዲህ ያለ አላየሁም። የጃንሆይ ምስል ያለበት የድሮው አልቋል፤ እንግዲህ ያለው ይኸው ነው። ደስ ብሎኛል ደብተሬ፣ አልዋሽሽም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፩

አያ ደስታ ከፃግብጂ መጡ። ገበሬ ናቸው። ልጃቸው በሬያቸውን ሸጦ አሥመራ ከኰበለለ ሦስት ዓመቱ። አሁን ይቅርታ ለምኖ ጽፏል። የገና በዓል ሳይደርስ መልስ ካላገኘ እንደ ካዱት ቆጥሮ ባሕር ይሻገራል። አነበብሁላቸው። ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ይቅር ብዬዋለሁ፣ ይምጣ በልልኝ አሉ፤ ጻፍሁ። አረንጓዴውን ቴምብር ለጠፍሁ።

እዚህ ላይ አፌ አላርፍ አለ። የቅኔው መምህር መሪጌታ ተራ እየጠበቁ ነበር፤ ቴምብሩን አሳየኋቸው። መረግድ ነው፣ ሊቀ ካህናቱ አሮን በደረቱ ካነገባቸው ከአሥራ ሁለቱ ዕንቍዎች አንዱ አሉ። አያ ደስታ ሰሙ። ማኅተሙን ሳነሳ እጄን ያዙኝ። በካህን ደረት የዋለ ነገር በጥቁር ቀለም አይመታም! ማኅተም ካላረፈበት አይሄድም ብል ወይ ፍንክች። ደብዳቤውን ተሳልመው በጉያቸው ከተው ሄዱ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ምን አስለፈለፈኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፰

አያ ደስታ ተመልሰው መጡ። መሪጌታን አስጠራሁ፤ ያሰሩትን ይፍቱልኝ ብዬ። ደግ ሰው ናቸው፣ ሳቁ፤ ይኼ ወረቀት ነው እንጂ ድንጋዩማ የት ተገኝቶ አሉ። አያ ደስታ አሰብ አደረጉና፣ ሥዕለ ማርያምም ወረቀት ናት፣ ማን ይመታታል ብለው ጠየቁ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ይመለሳል?

ልላጠው አልኋቸው። መላጥ ከመምታት በምን ይሻላል አሉ። ጮህሁባቸው። ወዲያው አፈርሁ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ደብዳቤውን እንደያዙ ተመለሱ። ዕንቍ ያልተሣለበት ቴምብር ከደሴ ጠይቄያለሁ፤ መቼ እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ።

ሰኞ፣ ኅዳር ፳፫

መንገዱን አሰብሁት። ኮረም፣ መቀሌ፣ አሥመራ፤ አንድ ወር ይፈጃል። የፊታችን ረቡዕ ፖስታ ካመለጠው ልጁ ከገና በፊት አያገኘውም። በገበያተኛ መልእክት ላክሁባቸው። ደረቅ ሽማግሌ። አንጀቴን በሉት።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፳፭፣ ጠዋት ፫ ሰዓት

የፖስታው ጭነት ሊያልቅ ሲል አያ ደስታ ገቡ። ሌሊቱን ሲጓዙ አድረዋል። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ማኅተሙን ቀለም ነክሬ ላሳርፍ ስል፣ አንተ አትንካው አሉኝ። ከእጄ ወሰዱት። አማተቡ። መረግዱ ላይ መቱት። ቀለሙ ጣታቸውን ነካ፤ አልጠረጉትም።

ኃጢአቱ በኔ ይሁን ልላቸው ስል ቀደሙኝ፦

«ንስሐውን የነፍስ አባቴ ይሰጡኛል። ልጄን ማን ይሰጠኛል?»

ከረጢቱን አሰርሁ። ደብዳቤው ሄደ።