ያልፈረሰው ግድግዳ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብህስ? ያ እጅህስ በብርድ ጊዜ ዛሬም ይጠዘጥዝሃል? እኔ እስከ ጥር ድረስ ደኅና ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ቅቤ የነካው ነገር በበላሁ ቁጥር ከቀኝ ጎድኔ ሥር እንደ ጉጠት ቆንጥጦ ያንበረክከኛል። የሐሞት ጠጠር ነው አሉኝ። የሐሞት ከረጢቱን ከነጠጠሩ ሊያወጡት ለፊታችን ሐሙስ ቀጥረውኛል።

ሆዴን አይከፍቱትም። አራት ትንንሽ ቀዳዳ በስተው፣ በአንዱ ካሜራ አስገብተው፣ እያዩ በቀጭን መሣሪያ ይቆርጣሉ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን በእግሩ ቤቱ ይገባል። ከሺህ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ላይ ግን ሐኪሙ የከረጢቱን ቱቦ የቆረጠ መስሎት ከጉበት የሚወርደውን ዋናውን ይቆርጣል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ሉሌዮ ከተማ፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ቧንቧ ልንጠግን ገብተን የሆነውን አልረሳኸውም። አንተ «ጋሼ፣ ግድግዳውን አፍርሰን እንየው» አልከኝ። እኔ «ይህች ቀዳዳ ትበቃኛለች፤ ዝም ብለህ መብራቱን ያዝ» አልኩህ። የቆረጥኩት ሌላውን ቧንቧ ነበር። ፍል ውሃው ያረፈው አንተ እጅ ላይ ነው። ባለቤቱ «ማነው የቆረጠው?» ሲለኝ «ወንድሜ» ብዬ የመለስኩለትን በሩ ሥር ተቀምጠህ ሰምተሃል።

ሐኪሟ ሊኔያ ትባላለች፤ በዕድሜ የልጅ ልጄ ብትሆን ነው። «አንቺ ልጅ፣ ካልታየሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። «ሁለቱን ቱቦ ሳልለይ አልቆርጥም። ባልደረባዬን እጠራለሁ፤ እሱም ካልታየው ሆድዎን እከፍታለሁ» አለችኝ። «አታፍሪም?» ብላት፣ «አባባ፣ የማፍረውማ ሳላይ ብቆርጥ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የፈቃድ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ።

ፈርቻለሁ ወንድሜ።

አንድ ነገር ቀረ። ብቻውን የመጣን ሰው በዚያው ቀን አያሰናብቱም፤ የሚወስደውና አብሮት የሚያድር ሰው ስም ይመዘግባሉ። ነርሷ «ማን ይመጣል?» ስትለኝ «ወንድሜ» አልኳት፤ ስምህን ጻፈች። ሳልጠይቅህ ነው። ካንተው ከተማ ከፒቴዮ የሚነሣው የጧቱ አውቶቡስ ያደርስሃል። በዕድሜዬ የዋሸሁት አንድ ቀን ነው፤ የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ። ይህ ሁለተኛ እንዳይሆንብኝ።

ቤትህን ክፉ አይንካው። እጅህንም ይማርልኝ።

ታላቅ ወንድምህ