አቶ አበጋዝ ወልደየስና የልጃቸው የሻምፒዮንነት ቀለበት

አቶ አበጋዝ ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ተክሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጡ ደስታ በ1954 ዓ.ም. በአሰበ ተፈሪ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በሱዳን በኩል ተሰደዱና በ1983 ዓ.ም. ሆላንድ ገቡ። ሮተርዳም ከወይዘሮ ማናለብሽ ጋር ተጋብተው ኑኃሚንንና ዮናታንን አፈሩ።

ሆላንዶች «ሆንክባል» በሚሉት በቤዝቦል ሜዳ ሣር እያጨዱ፣ መስመር እያሰመሩ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። የጨዋታውን ሕግ በወጉ አያውቁትም ነበር። ዮናታን ግን እዚያው ሜዳ አደገ፤ በ2006 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ክለብ አስፈረመው። በሁለተኛው ዓመት ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ ሲበላ በአሜሪካ ልማድ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰጠውን፣ ስሙ የተቀረጸበትን ቀለበት ለአባቱ ላከ። አቶ አበጋዝ የሣር ማጨጃ ማሽን እየነዱ እንኳ አያወልቁትም ነበር።

ዮናታን ትከሻው ተጎድቶ በ2010 ዓ.ም. ተመለሰ። መጠጥ ያዘ። አንድ ቀን አባቱ ሊታጠቡ ያወለቁትን ቀለበት ወስዶ ሸጠው። አቶ አበጋዝም፣ «ቀለበቱን ሳትይዝ በዚህ በር እንዳትገባ!» አሉት። ወጣ፤ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ አቶ አበጋዝ ቀለበቱን ፍለጋ የአምስተርዳምን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የዴንሃግን የቀለበት ሰብሳቢዎች ቤት አንድ በአንድ ዞሩ። ይሆናል ያሉትን ሁሉ ገዙ። የማያውቋቸው ተጫዋቾች አሥራ ዘጠኝ ቀለበቶች መሳቢያቸውን ሞሉት፤ የዮናታን ስም ያለበት ግን አልነበረም። ወይዘሮ ማናለብሽ፣ «ልጁን ፈልገው እንጂ፣ ብረቱ ምን ያደርግልሃል?» ሲሏቸው፣ «ተናግሬ የለ! ቀለበቱን ካገኘሁለት በምን አፍሮ ይቀራል?» ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት የጉበት ካንሰር እንደያዛቸው ሲነገራቸው ፍለጋውን ተዉ። የልጃቸውን ፎቶ ይዘው፣ ባለጎማ መደገፊያ እየገፉ፣ የሮተርዳምን፣ የአምስተርዳምንና የዴንሃግን የባቡር ጣቢያዎችና የቤት አልባዎች መጠለያዎች አዳረሱ። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ኑኃሚንን፣ «ባዶ እጁን ይምጣ በሉልኝ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሏት። መልእክቱ ሳይደርስ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማናለብሽን፣ ልጃቸውን ኑኃሚንንና ልጃቸውን ዮናታንን ትተው አልፈዋል። ዮናታን ይኑር አይኑር የምናውቀው ነገር የለም፤ ስሙ እዚህ እንዲገባ ያዘዙት እናቱ ናቸው። ያያችሁት ካላችሁ ንገሩን።

የጠፋውን ልጅ ከሩቅ አይቶ የሚሮጥ የሰማይ አባት አቶ አበጋዝንም በደጁ ይቀበልልን። አሜን።